የጥቢ ዝምድና በታሪክ ውስጥ

  

የሥጋና የጋብቻ ዝምድና በየትኛውም ሕዝብ ዘንድ የታወቀ ነው። ከእነዚህ ሌላ ሕዝቦች ዝምድና የሚፈጥሩባቸው የየራሳቸው ሥርዓቶች አሏቸው። በአገራችን ክርስቲያኖች ዘንድ ልጅን ክርስትና በማንሳት አበልጅነት ይመሠረታል። የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስም እ.ኤ.አ በ530 ባወጣው ሕግ አንድ ሰው ክርስትና ያነሳትን ልጅ እንዳያገባ ከልክሏል። በእስልምና ደግሞ ጋብቻን እስከመከልከል የሚደርስ ሌላ ዝምድና ከእናት ጡት ይገኛል። የዛሬው ዝግጅታችን ይህን የጥቢ ዝምድና ይመለከታል።

የመካ ታላላቅ ቤተሰቦች ሕፃናቶቻቸውን ለገጠር ሴቶች ሰጥተው ማስጠባት ልማዳቸው ነበር። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ያጠባቻቸው የአቡ ለሀብ አገልጋይ የነበረችው ሡወይባ ስትሆን፣ እርሷው አጎታቸውን ሐምዛንም (ረ.ዐ) አጥብታለች። ከዚያም ከሀዋዚን ጎሣ ክፍል ከሆኑት ከበኒ ሰዕድ የመጣችው ሐሊማ ወስዳ አሳደገቻቸው። የሐሊማ ልጅ ሸይማእ የጡት እህታቸው ነበረች።

ከዚህ በኋላ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ በ630) ሀዋዚኖች በሑነይን ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ተዋግተው ተሸነፉ። ሴቶቻቸውና ልጆቻቸውም ተማረኩ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ከምርኮኞቹ መካከል ሸይማእ ነበረች። ማንነቷን ተናገረች፣ በልጅነታቸው ሳሉ የነከሷትንም ምልክት አሳየች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ኩታቸውን አንጥፈው አስቀመጧት። ከእርሳቸው ጋር ተከብራ መኖርን ወይም ወደ ወገኖቿ መመለስን አስመረጧት። እርሷም መመለስን መረጠች፤ ስጦታም ሰጥተው ሸኟት።

ቀጥሎ የሀዋዚን ልዑካን ሰልመው መጡ። ቃል አቀባያቸው በምርኮኞቹ መጠለያ ውስጥ ያሉት ሴቶች የእርሳቸው የጡት አክስቶችና ሞግዚቶች መሆናቸውን አስታወሰ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የራሳቸውንና የዘመዶቻቸውን ድርሻ ለቀቁ፣ ባልደረቦቻቸውም እንዲለቁ ጠየቁ። 6,000 ያህል ምርኮኞችም ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንዲት የገጠር ሴት ለአንድ የቲም ሕፃን የሰጠችው ጡት ከዓመታት በኋላ ለወገኖቿ ሁሉ አማላጅ ሆነ።

ሸሪዓ ይህን ዝምድና በፍቅርና በውለታ ብቻ አልተወውም። በሱረቱ አን-ኒሳእ 23ኛ አንቀጽ ያጠቡ እናቶችና የጥቢ እህቶች ለጋብቻ እርም ከሆኑት ሴቶች ጋር ተቆጥረዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሐምዛን ልጅ እንዲያገቡ በተጠየቁ ጊዜ ሐምዛ የጡት ወንድማቸው በመሆኑ ልጅቱ የወንድማቸው ልጅ እንደሆነች ገልጸው እምቢ ብለዋል። ሐምዛ በሥጋ አጎታቸው ስለነበር ከጥቢው በስተቀር የሚከለክላቸው ነገር አልነበረም።

ቡኻሪ የዘገቡት የዑቅባ ኢብኑል ሓሪሥ (ረ.ዐ) ታሪክ ደግሞ ለየቤቱ ትልቅ ትምህርት አለው። ዑቅባ ካገባ በኋላ አንዲት ሴት መጥታ እርሱንም ሚስቱንም እንዳጠባቻቸው ነገረችው። ከዚያ በፊት ማንም አልነገረውም ነበር። ከመካ ተነስቶ መዲና ድረስ ሄዶ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቀ። ይህ ከተባለ በኋላ አብረው መኖራቸው እንዴት እንደሚሆን ሲጠይቁት ከሚስቱ ተለያየ፤ እርሷም ሌላ ባል አገባች። ባልና ሚስቱ ጥፋት አልነበረባቸውም። ቤታቸው የፈረሰው በጊዜው ሳይነገር በቀረ አንድ ወሬ ነው።

በሌሎች ሕዝቦች ዘንድ ጡት ማጥባት የተለያየ ትርጉም ነበረው። በጥንታዊቷ ሮም አጥቢ ሴት በደመወዝ ትቀጠር ነበር፤ ወተቷ ግን በሕግ ጋብቻን የሚከለክል ዝምድና አልፈጠረም። በሕንድ እ.ኤ.አ ከ1556 እስከ 1605 የገዛው የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ግን የጡት ወንድሙን ሚርዛ ዐዚዝ ኮካን ብዙ ጊዜ ቢያስቀይመውም ይታገሰው ነበር። ዐዚዝ በ1593 ሳያስፈቅድ ወደ መካ ሄዶ ሲመለስ እንኳ ይቅር ብሎ ተቀብሎታል። «ኮካ» የሚለው መጠሪያም የጡት ወንድም ማለት ነው።

በአገራችንም የጡት አባትና የጡት ልጅ የሚባል ልማድ አለ። በአንዳንድ አካባቢ ለአቅመ አዳም የደረሰ ሰው በሽማግሌ ፊት ማር የተቀባ ጡት ወይም አውራ ጣት ጠብቶ የሌላ ሰው ልጅ ይባላል። ለእርቅና ለመደጋገፍ ጠቅሟል። ሆኖም በሸሪዓ መሕረምነትን አያመጣም። በብዙኃኑ ዑለሞች ዘንድ ዝምድናው የሚጸናው ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲጠባ ነው። በመጠኑ ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ፤ በሻፊዒይና በሐንበሊይ አምስት ጊዜ፣ በሐነፊይና በማሊኪይ ግን ጥቂቱም ይበቃል።

ውድ አድማጮች! ይህ ነገር የቲም ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች በሰፊው ይጠቅማል። እስልምና ልጁ በወለደው አባቱ እንዲጠራ ያዛል። ግን ልጁ ሲያድግ በቤት ውስጥ እንደ ባዕድ እንዳይሆን በር ከፍቷል። የቤቱ እመቤት ሕፃኑን ካጠባችው እርሷ እናቱ፣ ወተቱ የመጣበት ባሏ የጡት አባቱ፣ ልጆቿ ወንድምና እህቶቹ ይሆናሉ። ወተት ከሌላት እህቷ ብታጠባው እመቤቲቱ የጡት አክስቱ ትሆናለች። ሕፃኗ ሴት ከሆነች ደግሞ የባል እህት ብታጠባት ባልየው አጎቷ ይሆናል። የጥቢ ልጅ ውርስ ባያገኝም ከንብረት እስከ ሲሶ ድረስ መናዘዝ ይቻላል።

በዘመናችን የወተት ባንክ ሲመጣ ይኸው ጥያቄ እንደገና ተነሳ። እ.ኤ.አ በ1983 ሸይኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ፈቅደው ፈትዋ ሰጡ። በ1985 ጂዳ ላይ የተሰበሰበው የእስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ ግን በሙስሊሙ ዓለም እንዳይቋቋም ወሰነ። ከምክንያቶቹ ዋናው የብዙ እናቶች ወተት ተቀላቅሎ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አለመታወቁ ነው፤ በዚህም እህትና ወንድም ሳያውቁ ሊጋቡ ይችላሉ።

ስለዚህ እናቶች ሆይ! የጎረቤት ልጅ ስታጠቡ ለባሎቻችሁና ለልጁ ወላጆች ንገሩ። ማን ማንን፣ መቼና ስንት ጊዜ እንዳጠባች በወረቀት ጽፋችሁ ከቤተሰብ ሰነድ ጋር አስቀምጡ። ለኒካሕ የምትጠያየቁ ቤተሰቦችም ዘር ስትቆጥሩ ጥቢውንም ጠይቁ። አያቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ፤ እነርሱ ካለፉ ወሬው አብሮ ያልፋልና። አላህ ቤቶቻችንን ይጠብቅልን።