ኤንትሬ፣ ውይይት፣ ቅጥቅጥ

እናቴ ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ነበራት። አራት አግዳሚ ወንበር፣ በላስቲክ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ ከከሰል ላይ የማይወርድ ማንቆርቆሪያ፤ ሀብታችን ይኸው ነበር። የእኔ ሥራ መስማት ነው። ከአዋሳ በኩል ገና ሳይታይ የሚያጉረመርመው መኪና ምን እንደሆነ በሞተሩ ድምፅ ለይቼ መናገር ነበረብኝ። «ትልቁ ነው» ካልኩ እናቴ ለስልሳ ሰው ብርጭቆ ትደረድራለች፤ «ሚኒባስ ናት» ካልኩ ለአሥራ ሁለት። ከተሳሳትኩ ወይ ሻዩ ይተርፋል፣ ወይ ተሳፋሪው ሳይጠጣ መኪናው ይነሳል። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ብዙም አልሳሳትም ነበር። ማርሽ ሲቀየር የሚሰማው ማቃሰት፣ ፍሬን ሲያዝ የሚወጣው የአየር ትንፋሽ፣ የክላክሱ ዜማ፣ ሁሉም የየመኪናው ነበር።

ያ የልጅነት ሥራ አልለቀቀኝም። ዛሬ በዚችው ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያልለመድኩት ሞተር ሲያልፍ ግን ንግግሬን አቋርጬ እሰማለሁ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ የያዝኩት ደብተርም አለኝ። መናኸሪያው የገባ አዲስ ዓይነት መኪና ሁሉ፣ መጀመሪያ ያየሁበት ቀን፣ የታርጋው ፊደል፣ በመጨረሻም ሕዝቡ ያወጣለት ስም ተጽፎበታል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ፍቅር ያደረባቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1904 ከተከፈተ ወዲህ የሮጡበትን ፉርጎዎች በየዓይነታቸው ለይተው የሚያውቁ ወዳጆች አሉት። እዚያ ፉርጎ የሚጠራው በተገዛበት ውል ቁጥር ነው። አር 32 የሚባለው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፉርጎ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀምሮ በ2022 ሲሰናበት፣ ወዳጆቹ ለመጨረሻ ጊዜ ተሳፍረው ሸኝተውታል። እኛ ዘንድ የውል ቁጥር የሚያስታውስ የለም። እኛ ስም እናወጣለን። ስለ መኪኖቻችን የተጻፈው ጥቂት ነው፤ ሕዝቡ ያወጣላቸው ስም ግን መዝገብ ነው ብዬ አምናለሁ። ማን እንዳመጣቸው፣ በማን ዘመን እንደሮጡ፣ ማንን እንዳስለቀሱ ይዞ ይኖራል።

ከሁሉ የቀደመውን ስም የሰማሁት ከእናቴ ደንበኛ፣ ከአንድ ሽማግሌ ሾፌር ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ መምጣታቸውን አልተዉም ነበር። አንድ ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ ሥራ የጀመሩት በምን መኪና ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«በትሬንታ ኳትሮ፤ ያውም ረዳት ሆኜ» አሉኝ። «አንቺ ልጅ፣ የእሱን ድምፅ ብትሰሚ ኖሮ ሌላውን ሁሉ ትረሺው ነበር።»

ትሬንታ ኳትሮ በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 መሥራት የጀመረው፣ 634 የሚል ቁጥር የተሰጠው የጭነት መኪና ነው። በወረራው ዘመን ወታደርና ጥይት ጭኖ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ እሱ ቀረ። ጦር ያመላለሰው መኪና እህልና ጨው፣ ከጭነቱም በላይ ሰው ማመላለስ ያዘ። ከመኪናው ጋር ቃላቱም ቀሩ፦ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔት፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና፣ ፖርቶ መጋላ። ዛሬም ዲላ ጋራዥ ውስጥ አንድም የጣልያንኛ ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ልጅ መኪና ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ በእነዚህ ቃላት ጓደኛውን መፍቻ ያቀብለው ዘንድ ሲያዝ እሰማለሁ።

ቀጥሎ የመጣው ኤንትሬ ነው። የፊያት 682 ኤን 3 የሚለው ጽሑፍ በሾፌሮች አፍ አጥሮ «ኤን ትሬ» ሆነ፤ ትሬ ሦስት ነው። ለጌዴኦ ሰው ኤንትሬ ማለት የቡና መኪና ነበር። አገራችን ገደላማ ናት፤ ቡናው በእንሰቱና በትልልቁ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎማ በማይደርስበት ተዳፋት ላይ ይበቅላል። ከዚያ በሰው ጀርባ ወደ መኪና መንገዱ ይወርዳል፤ ከይርጋ ጨፌ፣ ከወናጎ፣ ከዲላ ደግሞ ኤንትሬ ይረከባል። ሽማግሌው «ኤንትሬ ዳገት ላይ ይዘገያል እንጂ አይቆምም» ይሉ ነበር። ከጆንያው አናት ላይ ሰው ይሳፈር እንደነበር፣ አዲስ አበባ ሲደርሱም ልብሳቸው ጀንፈል ጀንፈል ይሸት እንደነበር ነገሩኝ። እስከ አዲስ አበባ ያለው 360 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ሌሊት አሥራ ሁለት ሰዓት የተነሳ አውቶቡስ ከቀትር በኋላ ይገባል፤ እሳቸው በክረምት ጭቃ ውስጥ ጎማ ሥር ድንጋይና ቅጠል እየጎዘጎዙ ያደሩበትን ሌሊት መቁጠር አቅቷቸው ነበር።

መንገዱ ቀስ በቀስ ተሻሻለ። አውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፣ በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ። በ1960ዎቹ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ ሲሠራ ዲላ የናይሮቢ መንገድ ከተማ ሆነች፤ በካርታ ላይ ካይሮን ከኬፕታውን የሚያገናኘው የአፍሪካ ጎዳና በእናቴ ሻይ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው መጀመሪያ አያምኑኝም።

አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዲላ ባቡር ሊመጣላት ነበር። በ1950ዎቹ ከናዝሬት ተነስቶ በስምጥ ሸለቆው በኩል ዲላ የሚደርስ ሐዲድ ታቅዶ፣ ለዚሁ ጉዳይ የተሰየመ ድርጅት እስከ መቋቋም ተደርሶ ነበር። ምክንያቱ የሲዳሞ ቡና ነው፤ ሐዲዱ ከጅቡቲው መስመር ጋር ሲገናኝ ከዚህ የተጫነው ጆንያ በባቡር እንደተጫነ ወደብ ይደርስ ነበር። ዕቅዱ ዕቅድ ሆኖ ቀረ። በቅርብ ዘመን የወጣው የባቡር ካርታም ወደ ሞያሌ የሚወርደው በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርጎ ነው፤ ዲላ የለችበትም። ያን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ናዝሬትንና ዲላን በእርሳስ ያገናኘሁበት ቀን አለ። ጣቢያው የት ይሠራ ነበር? ሻይ የሚሸጠው በየትኛው በኩል ነበር? ሽማግሌውን ስለ ባቡሩ ስጠይቃቸው ግን የቆጫቸው አይመስልም ነበር። «እሱ ቢመጣ እኔ ሾፌር አልሆንም ነበራ» አሉኝ። በደብተሬ ውስጥ ስም ያላገኘ ተሽከርካሪ ያ ያልመጣው ባቡር ነው።

በ1989 ዓ.ም. ለትምህርት አዲስ አበባ ስገባ አውቶቡስ ተራ ወርጄ ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያን ያህል ሞተር በአንድ ላይ ሰምቼ አላውቅም። መጀመሪያ የለየሁት የአንበሳ አውቶቡስን ነው። አንበሳ የተጀመረው በ1935 ዓ.ም. ነው፤ በ1944 ዓ.ም. የንጉሣዊው ቤተሰብ አባላት ያሉበት አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ደርግ ወረሰው። እኔ የደረስኩበት የዳፎቹ ዘመን ነው፤ ከሆላንድ የመጡ፣ ቀይና ቢጫ የተቀቡ፣ ሲነሱ ወለላቸው እግርን የሚያንቀጠቅጥ። ስድስት ኪሎ ፌርማታ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ዳፉን ከመርሴዲሱ መለየት የተማርኩት በአንድ ወር ነው። ለአንበሳ ሕዝቡ ቅጽል ስም አላወጣለትም። ስሙ ከላይ፣ ከዘውዱ የመጣ ነው፤ ዘውዱ ወድቆ፣ አብዮቱ መጥቶ ሄዶ፣ ከደርግ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የተገጣጠሙት አውቶቡሶች ዳፎቹን ተክተው እንኳ አንበሳነቱ አልተነካም። እንዲህ የጸና የመንግሥት ስም ብዙ አላውቅም።

የሕዝቡን ስም ያገኘሁት ውይይት ላይ ነው። ውይይት ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ የተዘረጋላት፣ ሰው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ ፊት ለፊት የሚቀመጥባት ታክሲ ነበረች። በአብዮቱ ዓመታት በየቀበሌውና በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ነበር፤ ሰው በግድም በውድም ፊት ለፊት እየተቀመጠ ስለ ሶሻሊዝም ይወያይ ነበር። ያ ሁሉ ስብሰባ የት ደረሰ? እኔ ስደርስ ክበቡም መንግሥቱም አልነበሩም፤ ታክሲዋ ግን ስሙን ይዛ መርካቶና ፒያሳ ትመላለስ ነበር። ከፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ቅርጫታቸውን ጭኔ ላይ አስደግፈው «ልጄ፣ የማን አገር ልጅ ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። የዲላ ልጅ መሆኔን ስነግራቸው እስኪወርዱ ድረስ ስለ ይርጋ ጨፌ ቡና አወራን። ስሙ እውነት ነበር።

ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር እኔ ዲላ ነበርኩ። በዚያው ዓመት ለዕረፍት ሄጄ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ተሳፈርኩበት። ሁለት መስመር፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር፤ ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ወስዷል፣ አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በድልድዩ ላይ ሲያልፍ ከተማዋን ከላይ አየኋት፤ ደስ አለኝ፤ በልቤ ግን የናዝሬት-ዲላውን ሐዲድ እያሰብኩ ነበር። ሕዝቡ ስም ያወጣለት እንደሆነ ጠይቄ ነበር። ሁሉም «ባቡሩ» ነው የሚለው።

የዲላ መናኸሪያ ግን ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ ሌላ ሆኖ ነበር የቆየኝ። በደርግ ጊዜ መኪናው ሁሉ በቀጠና ተደራጅቶ፣ በስምሪት ነበር የሚወጣው፤ ሾፌር ነገ የት እንደሚሄድ የሚያውቀው ከቢሮ ነው። ያ ሥርዓት ሲፈርስ ባለሀብቱ በራሱ መኪና ገዝቶ መግባት ጀመረ፤ ድምፁም በዛ። ከሁሉ የምወደው ቅጥቅጥን ነው። ቅጥቅጥ የአይሱዙ የጭነት መኪና ላይ፣ የአገር ውስጥ ጋራዥ ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ መስኮት ቆርጦ፣ ወንበር በይዶ የሠራው አውቶቡስ ነው። ስሙ ፋብሪካውን ሳይሆን መዶሻውን ይጠራል። ከአንድ ጋራዥ የወጡ ሁለት ቅጥቅጦች እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የአንዱ በር ይንጫጫል፣ የሌላው ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ከበሮ ይሆናል። ለቡሌ ደጋ፣ ለኮቸሬና ለጌዴብ ገበያ ልክ ነው፤ ዶሮው፣ የእንሰት ቅጠሉ፣ የአቮካዶው ጆንያ ፖርቶ መጋላው ላይ፣ ሰዉ ከውስጥ። በጥር የደራሮ በዓል ሲደርስ ከነዘፈናቸው ጭኖ ሲያልፍ ሞተሩ አይሰማም፤ ያኔ መለየት የምችለው በክላክሱ ብቻ ነው።

ሁሉም ስም ግን እንዲህ ደስ አይልም። ዶልፊን የሚኒባሷን የአፍንጫ ቅርጽ አይተው ያወጡላት ስም ነው፤ ፍጥነቷን የሚያውቅ ተሳፋሪ ግን ሲሳፈር ያማትባል። የጭነት አይሱዙውን «አልቃይዳ» አሉት፣ በየመንገዱ ስለፈጀው ሰው። ቀዩን ሲኖትራክ ደግሞ «ቀይ ሽብር» አሉት። ይህ የመጨረሻው ስም እኔን ያስደነግጠኛል። በ1970ዎቹ መባቻ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የዚያን ዘመን ስም ቀለሙን ብቻ አይተው ድንጋይ ለሚጭን መኪና የሰጡት ልጆች ግን ያኔ አልተወለዱም። ተማሪዎቼ ቃሉን ከመጽሐፍ በፊት ከመንገድ ነው የሚያውቁት። አንዲት ተማሪዬ «መምህርት፣ ለካ የመኪና ስም ብቻ አይደለም?» ብላ የጠየቀችኝ ቀን የዕለቱን ትምህርት ትቼ ስለዚያ አስተማርኩ።

በደብተሬ ያለው የታርጋ ዓምድም የራሱ ነገር አለው። ረጅም ዓመት «ደሕ» የሚል ፊደል ሞልቶታል፤ ደቡብ ሕዝቦች ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ያ ክልል ሲበተንና ጌዴኦ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሲገባ፣ ፊደሉ ታርጋው ላይ ቆርቆሮው እስኪዝግ ከክልሉ በላይ ይቆይ ጀመር። እኔ በተወለድኩበት ጊዜ ይህ አገር የሲዳሞ ክፍለ ሀገር አካል ነበር።

ሻይ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። እናቴ ዓይኗ ደክሟል፤ ጠዋት ጠዋት ግን ክንዷን ይዤ ወደ መናኸሪያው ወስጃት፣ ድሮ አግዳሚው የነበረበት ጥግ እንቀመጣለን። አሁን የምትሰማው እሷ ናት። «ቅጥቅጥ ነው፣ ከቡሌ ነው የመጣው» ትለኛለች፤ አትሳሳትም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው። በቅርቡ አንድ ነጭ ሚኒባስ ከሐዋሳ በኩል ገብቶ አጠገባችን ቆመ። በሩ ሲከፈት ነው ያወቅነው። እናቴ ደንግጣ እጄን ያዘች።

«ምንድን ነው የመጣው?»

ተራ አስከባሪዎቹ ልጆች ከበውታል። አንዱ «ድመት እንበለው፣ ኮቴ የለውም» አለ። ሌላው «ጾመኛ ነው፣ ናፍጣ አይቀምስም» አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም አልተቀበለም። ተሳፋሪው ወርዶ አልቆ፣ አዲስ ተሳፋሪ ገብቶ፣ መኪናው ሳይሰማ እስኪወጣ ድረስ አልተስማሙም። ቤት ስገባ ቀኑንና የታርጋውን ፊደል ጻፍኩ፤ የስሙን ቦታ ባዶ ተውኩት።