ፈተናው የጣላቸው ልጆች

የሕፃን ተሰጥዖ በምን ይታወቃል? አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሉዊስ ተርማን በ1921 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ጥናቱን ጀምሮ፣ በአእምሮ መለኪያ ፈተና ከ1,500 በላይ ልጆችን መረጠ። ፈተናው ከጣላቸው መካከል ዊልያም ሾክሌይ በ1956፣ ሉዊስ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ ከተመረጡት ግን አንድም ያገኘ የለም።

ይህን ባሰብሁ ቁጥር የአክሱሙ ያሬድ ይታወሰኛል። ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ ትምህርት አልገባው ብሎ አጎቱና መምህሩ ጌዴዎን ቢቀጣው ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ ተመለከተ፤ ተመልሶም ድጓን ለመድረስ በቃ።

መምህሩ የተረሳውን ቃል ቆጠረ፤ ሕፃኑ የትሏን ውድቀት ቆጠረ። ሌላው አልፎት በሚሄደው ነገር ላይ እንዲህ ረግቶ የሚቆይ የሕፃን ዓይን ባየሁ ጊዜ፣ ስለ ፈተና ውጤቱ ለመጠየቅ አልቸኩልም።