ጉበትን ማቆየት፦ ከበረዶ እስከ ኑዛዜ

ከለጋሽ የወጣ ጉበት ደም ከተቋረጠበት ቅጽበት ጀምሮ መጎዳት ይጀምራል። በ1967 እ.ኤ.አ. ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በዴንቨር የመጀመሪያውን የተሳካ የጉበት ንቅለ ተከላ ሲያደርጉ ሐኪሞች የነበራቸው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። በ1980ዎቹ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቤልዘርና ሳውዛርድ ቀዝቃዛ ማቆያ ፈሳሽ ቀመሙ፤ ጊዜው ወደ አንድ ቀን ተጠጋ።

በ1988 ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ደግሞ ሟቹ በሕይወት ሳለ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱ ሕይወት ለማዳን ከሟች አካል መውሰድ እንደሚቻል ወሰነ፤ መሸጥን ግን ከለከለ።

ዛሬ ጉበትን በሰውነት ሙቀት ደም እያዘዋወረ የሚያቆይ ማሽን አለ። ሐዘንተኛ ቤተሰብ «እሱ ቢሆን ምን ይል ነበር?» እያለ የሚጨነቅበትን ሰዓት ግን የሚያራዝም ማሽን የለም። እንግዲያው ዛሬውኑ ዑለማዎቻችንን እንጠይቅ፤ ፈቃዳችንንም ለቤተሰባችን እንናገር። ወሏሁ አዕለም።