የክረምት የእጅ ሥራ ትምህርትና የባለሙያው ክብር

በቀደመው ዘመን በአገራችን የእጅ ሙያ ይወረስ የነበረው በቤተሰብ ውስጥ ነበር፤ ሴት ልጅ ፈትልንና ስፌትን ከእናቷ፣ የሸማኔና የአንጥረኛ ልጅም ሙያውን ከአባቱ ይማር ነበር። ዳሩ ግን አንጥረኛው፣ ሸማኔውና ሸክላ ሠሪዋ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ስለነበር፣ ሙያቸው ከቤታቸው አልፎ እንደ ልብ አልተስፋፋም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ቢከለክሉም፣ ንቀቱ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ክረምት ለሕፃናት የሚሰጠው የእጅ ሥራ ትምህርትም ከዚህ ታሪክ አንጻር ሊመዘን ይገባል። ሕፃናቱ በአክርማና በስንደዶ ሙዳይ ቢሰፉ፣ ጭቃ አቡክተው ጀበና ቢሠሩ እጃቸው ይፍታታል፤ ባለሙያው ራሱ ካላስተማራቸው ግን ንቀቱ ሳይነካ ያልፋል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው ከቁሳቁሱ አስቀድሞ ለሸክላ ሠሪዋና ለሸማኔው የመምህርነት ቦታና ተገቢ አበል ሊመድብ ይገባል፤ ሕፃን ሙያን የሚያከብረው መምህሩ ሲከበር ሲያይ ነውና።