ባሕር ዛፍና የአዲስ አበባ መጽናት

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ የእንጦጦ ጥድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ እየተቆረጠ በመመናመኑ፣ እንጨት ባለቀ ቁጥር መናገሻን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር የቆየ ልማድ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ዳግማዊ ምኒልክ በስተምዕራብ አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት በእጅጉ የታደጋት፣ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ የሆነውና በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ መንግሥት ችግኙን በማሠራጨቱና ዛፉ የተተከለበትን መሬት ከግብር ነጻ በማድረጉ መኳንንቱም ሆኑ ተራው ነዋሪ በየግቢያቸው ይተክሉት ጀመር፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ነጭ ባሕር ዛፍ የሚባለው፣ በለጋነቱ ቅጠሉ አመድማ ሰማያዊ ሆኖ ሰም የተቀባ የሚመስለው ዝርያ፣ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ አንድ ጊዜ የተከለ ሰው በየጥቂት ዓመቱ ደጋግሞ ይቆርጠዋል። ግንዱ ለምሰሶ፣ ለማገርና ለአጥር ይውላል፤ የረገፈው ቅጠል ተጠርጎ ከምጣድ ሥር ይነዳል፤ እርጥቡ ደግሞ ተቀቅሎ ጉንፋን የያዘው ሰው በእንፋሎቱ ይታጠናል። የእንጦጦ ሴቶች ጭራሮውን በጀርባቸው ተሸክመው ገበያ በማውረድ ቤተሰብ ያስተዳደሩት ከዚሁ ዛፍ ነው፤ የባሕር ዛፍ ታሪክ ሲጻፍ ድካማቸው ከነገሥታቱ ውሳኔ እኩል ሊወሳ ይገባል። ዛፉ ውኃ አብዝቶ መምጠጡና ከሥሩ ሌላ ተክል እንደልብ አለማብቀሉ እውነት ቢሆንም፣ ጥዱን የጨረሰው ግን ከእርሱ መምጣት በፊት የተሰነዘረው መጥረቢያ ነው።