የባሕር ጦርነት ኪታብና የሐረር ኪታቦች ባለቤቶች

የሐረር ታሪክ በጀጎል ግንብ ውስጥ ብቻ አልተሠራም፤ ባሕርም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1538 የኦቶማኑ ሱለይማን ፓሻ ከስዊዝ ተነሥቶ ዐደንን ያዘ፤ ከሕንድ ሲመለስ ደግሞ የየመኗን ዘቢድ። በ1542 መቀመጫው ሐረር ለነበረው ለኢማም አሕመድ የደረሱት ባለ ጠመንጃ ወታደሮች የተላኩት ከዚያችው ዘቢድ ነው።

የሱለይማን ፓሻን የባሕር ዘመቻ ከሚተርኩት አንዱ የካቲብ ጨለቢ «ቱሕፈቱል ኪባር» ነው። ጸሐፊው ያዘጋጀው በ1656፣ የኦቶማን መርከቦች በዳርዳኔልስ ክፉኛ በተሸነፉበት ወቅት ነበር። በ1729 ኢብራሂም ሙተፈሪቃ ኢስታንቡል ውስጥ ከነካርታው በ1000 ቅጂ አተመው። ከማተሚያ ቤቱ የወጣ ሁለተኛው መጽሐፍ ነው።

ከ1000 ቅጂ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። የሐረር የእጅ ጽሑፍ ኪታብ ግን ምትክ የለውም። አንዳንዱ ገጽ ላይ የባለቤቱ ስም ወይም ኪታቡ ወቅፍ መሆኑ ተጽፏል። ማን እንደያዘው፣ ለማን እንዳስተላለፈው የምናውቀው በዚያች መስመር ነው። ገጹ ከተቀደደ ወይም ኪታቡ በድብቅ ከተሸጠ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። በሐረር ሸሪፍ ሙዚየም የምናያቸው ኪታቦች ለዛሬ የበቁት የሚጠብቃቸው ሰው ስላገኙ ነው።

ወንድሞችና እህቶች! በአያቶቻችሁ ሣጥን ኪታብ ካለ በጥንቃቄ ክፈቱት፤ የተጻፈውን ስም አንብቡ፤ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ። ወቅፍ አይሸጥም፤ አደራ ነው።