ወንዙ ሲሄድ ስኳሩ መጣ

በእኛ አገር የስኳር በሽታ «የሀብታም በሽታ» ሲባል ኖሯል። ጠግቦ የሚበላውን፣ በመኪና የሚንቀሳቀሰውን ብቻ የሚይዝ ይመስለናል። በሽተኛውንም «አፍህን ያዝ፣ በእግርህ ሂድ» እንለዋለን። ምክሩ ክፋት የለውም። የፒማ ሕዝብ ታሪክ ግን ነገሩን ከአንድ ሰው አፍና እግር አሻግሮ ያሳያል።

ፒማዎች በአሜሪካ፣ በአሪዞና በረሃ ውስጥ በሂላ ወንዝ ዳር የኖሩ ነባር ሕዝብ ናቸው። በቋንቋቸው ራሳቸውን «የወንዝ ሰዎች» ብለው ይጠራሉ። ቦይ እየቀደዱ በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ ያመርቱ ነበር፤ ኋላም ስንዴ ጨመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1849 ጀምሮ ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጎርፍ በዚያ ያለፈው መንገደኛ ስንቁን የሸመተው ከእነሱ ነው። ልብ በሉ፤ ለሌላው የሚተርፉ ገበሬዎች ነበሩ።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነጭ ሰፋሪዎች ከላይ በኩል ወንዙን ወደየማሳቸው ጠለፉት። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ የታችኛው ቦይ ደረቀ፤ ረሃብ ገባ። ቆፍሮ አዳሪው ሥራውንም ምግቡንም በአንድ ላይ አጣ። ውሎ አድሮ ማዕዱ የእርዳታና የሱቅ ሆነ፦ ነጭ ዱቄት፣ ስብ፣ ስኳር።

ታዲያ በ1963 ተመራማሪዎች የመገጣጠሚያ በሽታ ሊያጠኑ ሄደው ያልጠበቁትን ስኳር አገኙ። በኋላ እንደታየው፣ ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በላይ ከሆኑት ግማሽ ያህሉ ታመው ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የዘረመል ሊቁ ጄምስ ኒል አንድ መላምት አቅርቦ ነበር፦ ረሃብ የለመደ ዘር ስብ መቆጠብ ያውቃል፤ ጥጋብ ሲመጣ ቁጠባው በሽታ ይሆናል የሚል። ፒማዎች የዚህ መላምት ዋና ምሳሌ ተደረጉ። «ደማቸው ነው» ተባለ፤ ወንዙን የጠለፈውም እጁን ታጠበ።

ነገር ግን ፒማዎች ዘመድ አላቸው፤ ድንበር ተሻግሮ በሜክሲኮ፣ በሶኖራ ተራሮች፣ ማይኮባ በምትባል መንደር። በጥናቱ ዘመን እነዚህ ገና በጉልበታቸው እያረሱ፣ በቆሎና አደንጓሬ እየበሉ የሚኖሩ ነበሩ። በ2006 የታተመው ንጽጽር፣ ከአሪዞናዎቹ 38 በመቶ፣ ከማይኮባዎቹ 6.9 በመቶ የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን አሳየ። ደም አንድ፣ ዕጣ ሁለት። ዘር ድርሻ የለውም ማለት አይደለም፤ ዘሩ እዚያም እዚህም አለ፤ ኑሮው ግን ለየቅል ነው።

በ2004 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለሂላ ወንዝ ማኅበረሰብ ሰፊ የውሃ ድርሻ አስከበረ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ። ውሃው ማሳ ያጠጣል፤ የደከመ ኩላሊት፣ የጠፋ ዓይን ግን አይመልስም። እንግዲህ በአንድ አገር ስኳር ሲበዛ ሐኪሙ ደም ይለካ፤ የመሬቱንና የውሃውን መዝገብ የሚያገላብጥ ሰውም ከጎኑ ይቁም።